ከሸዋ በር እስከ ኩኒ፤ የተራራው መንገድና የታላላቆቹ ዛፎች ታሪክ

ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን ምክንያት በማድረግ በሚያሳትመው በዚህ መጽሔት ታሪክ ነክ ጽሑፍ እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ፣ አብዛኞቹ ጓደኞቻችን ስለ ጀጎል ግንብ፣ ስለ አሚር ኑርና ስለ ከተማው መስጊዶች መጻፍን መረጡ። ይህ የሚነቀፍ አይደለም፤ ግንቡ ይገባዋል። እኛ ግን ከሶፊ ወገን በመምጣታችን፣ በኤረር በር ገብተን በሸዋ በር እየወጣን ያደግን ስለሆንን፣ ከግንቡ ይልቅ ከበሩ ውጭ የሚጀምረው ነገር ሁልጊዜ ሐሳባችንን ይስበው ነበር። ከሸዋ በር የሚነሣው መንገድ በአወዳይና በሐሮማያ አልፎ ደንገጎ ይደርሳል፤ ከዚያም ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወደ ሰሜን ቁልቁል ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል። ሁለተኛው ወደ ምዕራብ በቁልቢ፣ በጨለንቆና በሂርና አድርጎ፣ የጨርጨርን ደጋ እየተጠማዘዘ ዛሬ ጭሮ ከምትባለው ከአሰበ ተፈሪ ይገባል። ከአሰበ ተፈሪ ወደ ደቡብ ወደ ኩኒ የሚታጠፍ መንገደኛ ደግሞ በጥድ ደን መካከል ይነዳል።

መንገድ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው መንገዱ ስለሚያደርሰው ከተማ ነው። እኛ የምንጽፈው መንገዱ ስለሚያልፍበት ተራራ፣ ይልቁንም በተራራው ላይ ስለበቀሉት ታላላቅ ጥዶችና ዝግባዎች ነው። መንገዱን ማን ፈለገው፣ ለምን ፈለገው፣ በተፈለገስ ጊዜ ዛፉ ምን ሆነ? ባለፈው ዓመት የክረምት ዕረፍት ከመግባቱ በፊት የታሪክ ክፍል ተማሪዎች ሁላችንም በአንድ አውቶቡስ ተጭነን እስከ ኩኒ ሄደን ተመልሰናል። ያነበብነውንና ያየነውን አንድ ላይ አድርገን እነሆ እናቀርባለን።

በመጀመሪያ ስለ ዛፎቹ ጥቂት እንበል፤ ዛፉን ሳያውቁ ታሪኩን ማንበብ አይጥምምና። የሐበሻ ጥድ ብዙውን ጊዜ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 እስከ 3,000 ሜትር በሚደርስ ደጋ ላይ ይበቅላል፤ በተመቸው ስፍራ እስከ 40 ሜትር ሊረዝም ይችላል። ወንዱና ሴቴው ለየብቻ የቆሙ ዛፎች ናቸው፤ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ፍሬ የሚታየው በሴቴዋ ላይ ብቻ ነው፤ ወፎችም ፍሬውን እየበሉ ዘሩን በየጫካው ይበትኑታል። ዕድገቱ እጅግ ዝግተኛ ነው። እንጨቱ ግን ጠንካራና መልካም መዓዛ ያለው ከመሆኑም በላይ ምስጥ አይደፍረውም። ስለዚህ ለቤት ምሰሶ፣ ለአጥር፣ ለበርና ለመስኮት፣ በውጭ አገር ደግሞ ለእርሳስ መሥሪያ ተፈላጊ ሆኖ ኖሯል። ዛፉን ያስጠፋውም ይኸው መልካምነቱ ነው።

ዝግባው ከጥድ ይልቅ እርጥበት ይወዳል፤ ቁመቱም ከጥድ ሊበልጥ ይችላል፤ ግንዱ ቀጥ ያለና ለጣውላ የተመቸ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳናነሣ ማለፍ አንፈልግም። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርን ሁሉ ንጉሥ ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን የሠራው በሊባኖስ ዝግባ መሆኑን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን፤ አንዳንዶቻችንም ያ ዛፍ ይኸው የእኛው ዝግባ ይመስለን ነበር። ነገር ግን የሊባኖሱ ዛፍ ከእኛው ዝግባ የተለየ ዘር ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ የመለሱት ሊቃውንት ለሰው ዓይንና ለሰው ልብ የሚቀርበውን የአገራቸውን ታላቅ ዛፍ ስም ሰጡት እንጂ። ትርጓሜው ግን ደግ ነው እንላለን። የሊባኖስ ተራራም በቤተ መንግሥትና በመርከብ ሠሪዎች ተራቁቶ፣ ዛሬ ጥቂት ቁጥቋጦ መሰል ደኖች ብቻ እንደቀሩለት የታወቀ ነው።

ወደ መንገዱ እንመለስ። ይህ መንገድ የትናንት አይደለም። ከድሬዳዋ ወደ ደንገጎ በሚያስወጣው ዳገት አካባቢ ሐርላ የሚባል መንደር አለ፤ በዚያም የኤክሴተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ የቅርስ ባለሥልጣን ጋር ሆነው ባካሄዱት ቁፋሮ በ12ኛው መቶ ዘመን የተሠራ መስጊድ፣ ከግብፅ የመጣ የ13ኛው መቶ ዘመን ገንዘብ፣ ከየመንና ከቻይና፣ ከማልዲቭና ከማዳጋስካርም የመጡ ዕቃዎች መገኘታቸው በ2009 ዓ.ም. ተገልጿል። እንግዲህ ከባሕር ወደ ደጋው የሚወጣው የነጋዴ መንገድ ቢያንስ የስምንት መቶ ዓመት ዕድሜ አለው ማለት ነው። በእኛ በሶፊም ገንደ ሐርላ የሚባል የፍርስራሽ ስፍራ አለ። ሽማግሌዎቻችን ሐርላዎች ግዙፋን ሰዎች እንደነበሩ፣ እነዚያንም ታላላቅ ድንጋዮች እንደ ቀላል ነገር ያነሡ እንደነበር ይተርኩልናል። ቁፋሮው ያሳየው ነጋዴና አንጥረኛ የሆነ፣ እንደ እኛው ያለ ሰው ነው። ቢሆንም በተራራው ላይ በእርግጥ ግዙፋን ነበሩ፤ እነርሱም ዛፎቹ ናቸው።

ደኑ በጥንት ዘመን እስከ ሐረር ግንብ ድረስ ይደርስ ነበርን? ብዙ ሰው እንዲህ ብሎ ያምናል። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በታኅሣሥ 1847 ዓ.ም. በኤረር በር በኩል ወደ ሐረር በገባ ጊዜ በከተማው ዙሪያ ያየው ግን የቡና ተክል፣ የሙዝና የሎሚ አትክልት፣ የማሽላ እርሻ ነው። የቀድሞዎቹን የሐረር ቤቶች ጣሪያ ቀና ብሎ ያየ ሰው ደግሞ የተላጡ ግንዶች ጎን ለጎን ተደርድረው ያገኛል፤ በጀጎል ውስጥ ከሁለት ሺህ በላይ ቤት እንዳለ ሲታሰብ፣ ከተማው በየዘመኑ ስንት እንጨት ከአካባቢው እንዳስመጣ መገመት አይከብድም። ስለዚህ የደኑን መመናመን ሁሉ በመኪና ላይ ማላከክ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። መኪና ከመምጣቱ በፊት በሐረር ዙሪያ ያለው መሬት የገበሬ መሬት ነበር። ታላላቆቹ ዛፎች የነበሩት ራቅ ብለው፣ በቁልቢና በጋራ ሙለታ፣ ይልቁንም በጨርጨር ነው።

ግብፆች በራኡፍ ፓሻ እየተመሩ በ1868 ዓ.ም. ሐረርን ይዘው እስከ 1877 ዓ.ም. ቆዩ። እነርሱ ከሄዱ በኋላ የነገሡት አሚር አብዱላሂ ከምዕራብ በዚሁ በጨርጨር መንገድ የመጣውን የምኒልክን ጦር ለመመከት ወጡ፤ ታኅሣሥ 29 ቀን 1879 ዓ.ም.፣ በልደት ዕለት፣ በጨለንቆ ጦርነት ሆነ። የሐረር ነፃ አሚርነት በዚያ ቀን አበቃ። አውቶቡሳችን በጨለንቆ ሲያልፍ ሁላችንም ዝም አልን፤ ከመካከላችን በዚያ ጦርነት በአንዱም በሌላውም ወገን የወደቁ ሰዎች የልጅ ልጅ ልጆች አሉና። መንገዱ ለነጋዴ ብቻ ሳይሆን ለጦርም መንገድ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ስፍራ የለም።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ ከሐረር ወደ አዲስ አበባ የሚወስድ ዋና መንገድ ሆነ። የአገሪቱ የመጀመሪያ የስልክና የቴሌግራፍ መሥመርም የተዘረጋው ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር ነው፤ ሥራው በ1886 ዓ.ም. ገደማ እንደ ተጀመረ፣ ርዝመቱም 477 ኪሎ ሜትር እንደ ነበረ ይነገራል። በዚያው በ1886 ዓ.ም. መጋቢት ወር ዓፄ ምኒልክ ለአማካሪያቸው ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ ፈቃድ ሰጡ። በፈቃዱ መሠረት ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር ሊገባ፣ ከሐረርም ወደ እንጦጦ ሊቀጥል ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ተጀመረ። ነገር ግን መሐንዲሶቹ ከተራራው ሥር በደረሱ ጊዜ ቆሙ። ባቡር እንደ በቅሎ ዳገት አይወጣም፤ ከሥሩ እስከ ጫፉ ወደ አንድ ሺህ ሜትር የሚጠጋውን ግድግዳ ለመውጣት የሚጠይቀው ወጪ ኩባንያው ከሚችለው በላይ ሆነ። ሐዲዱ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ደርሶ በዚያ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ ስሟም አዲስ ሐረር እንድትባል ታስቦ ነበር፤ ድሬዳዋ የሚለው የአገሬው ስም ግን አሸነፈ። ሐዲዱ ከዚያ በኋላ በቆላው በሚኤሶና በአዋሽ በኩል ዞሮ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም ቢሆን ሐረርን በሩቁ ተሳልሞ ነው የሚያልፈው።

የታሪክ መምህራን ይህን ሲያስተምሩ ሐረር የተጎዳችበት ጉዳይ አድርገው ነው፤ እውነትም ተጎድታለች፤ ንግዷ ቁልቁል ወርዷል። እኛ ግን አንድ ሌላ ነገር እናክላለን። ባቡሩ በደጋው በኩል አልፎ ቢሆን ኖሮ፣ ለሐዲድ ማንጠፊያው፣ ለጣቢያው ግንባታ፣ በጣቢያው ዙሪያ ለሚበቅለው ከተማ ማገዶ፣ የጨርጨር ጥድ ከሁሉ አስቀድሞ ይፈለግ ነበር። የአዲስ አበባን ታሪክ ያነበበ ሰው ይህን አይስተውም፤ በዙሪያዋ ያለው ጥድ በጥቂት ዓመታት ተመንጥሮ ማገዶ ከማጣት የተነሣ ዓፄ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር አስበው ነበር፤ ከተማዋን በቦታዋ ያጸናት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ስለዚህ ያ የደንገጎ ግድግዳ ሐረርን ሲያስቀር፣ ደኑን ቢያንስ ለአንድ ትውልድ ጠብቆታል ማለት ይቻላል።

በጉዟችን መጀመሪያ ያየነው ታላቅ ነገር የሐሮማያ ሐይቅ ነው፤ አባቶቻችን ዓለማያ ይሉታል። በ1907 ዓ.ም. የሐረር ገዢ የነበሩት ደጃዝማች ተፈሪ መኰንን በዚህ ሐይቅ ላይ በጀልባ ሲሄዱ ጀልባዋ ሰጥማ፣ እርሳቸው ሲተርፉ መምህራቸው አባ ሳሙኤል ወልደ ካሂን ሰጥመው ሞቱ። ደጃዝማች ተፈሪ ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ነግሠው፣ ከሐይቁ አጠገብ የተሠራውን የእርሻ ኮሌጅ በ1950 ዓ.ም. መርቀው ከፈቱ፤ የዛሬው ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ማለት ነው። ሰው የሰጠመበት ይህ ሐይቅ በ1990ዎቹ አጋማሽ ፈጽሞ ደረቀ። ይህ ለእኛ ትውልድ እንደ ተረት ይሰማል፤ ነገር ግን ወላጆቻችን የሐይቁን ወለል በእግራቸው ተሻግረውታል፤ ከብትም ሲግጥበት አይተዋል። በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሶ መጥቷል፤ እኛም በመስኮት አይተነዋል። ለምን እንደ ደረቀ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በደንገጎ አውቶቡሳችን ለጥቂት ጊዜ ቆመ። ከዚያ ቁልቁል ሲታይ የድሬዳዋ ቆላ በጭጋግ ውስጥ ተዘርግቶ ይታያል፤ መንገዱም እንደ ተጣለ ገመድ ተጠማዝዞ ይወርዳል። የፋሺስት ጣሊያን አውሮፕላኖች ሐረርን በቦምብ ያቃጠሉት መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር። ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ መጋቢት 17 ቀን 1933 ዓ.ም. ሐረር ከጣሊያን እጅ ወጣች፤ የሚሸሸው የጣሊያን ጦርም የደንገጎን ቁልቁለት መንገድ በፈንጂ እየናደ ወረደ። ደቡብ አፍሪካውያን ወታደሮች የተናደውን ጠግነው መጋቢት 20 ቀን ድሬዳዋ ገቡ። ቀኑ ከሐረር መቃጠል ቀን ጋር መግጠሙን ያስተዋለ ጸሐፊ እስካሁን አላጋጠመንም፤ እኛ ግን በካርታ ትምህርት ክፍላችን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን ጽፈን አይተናል። ከሐምሌ 1969 እስከ መጋቢት 1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦርነት ጊዜም ይህ መንገድ ታንክና ቁስለኛ ሲያመላልስ ነበር።

ከደንገጎ ወደ ምዕራብ የሚሄደው መንገደኛ የመጀመሪያዎቹን በእውነት ትላልቅ የሚባሉ ጥዶች የሚያየው በቁልቢ አካባቢ ነው። የቁልቢ ገብርኤልን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ራስ መኰንን ናቸው፤ ታኅሣሥና ሐምሌ 19 ቀን የሚወጣውን ሕዝብ ብዛት የሐረርጌ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ራስ መኰንን ራሳቸው በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ በዚሁ መንገድ ላይ ታመው በቁልቢ ዐርፈዋል። እንደ ብዙዎቹ የአገራችን አድባራት ሁሉ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ያለ ዛፍ ምሣር አይነካውም። ይህ የክርስቲያን ብቻ ልማድ አይደለም። በሐረርና በዙሪያዋ ባሉት አዋቾች፣ የወልዮች መቃብር ባለበት ስፍራ ሁሉ፣ አሮጌ ዛፍ ቆሞ ይገኛል፤ በሶፊም ሽማግሌዎች ለዕርቅ የሚቀመጡበት የኦዳ ዛፍ ጥላ የተከበረ ነው። ቅርንጫፉን ለማገዶ የሚቆርጥ ልጅ ቢገኝ ከአባቱ አለንጋ በፊት የጎረቤቱ ቁጣ ይደርስበታል።

ከመንገዱ በስተ ደቡብ ከሩቅ ጋራ ሙለታ ይታያል፤ 3,381 ሜትር ከፍታ አለው። ስሙ በኦሮምኛ የሚታይ ተራራ ማለት ነው፤ ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ከብዙ አገር ይታያልና። ልጅ ኢያሱ የመጨረሻ የእስር ዘመናቸውን ያሳለፉት በዚያ ነው።

አሁን ወደ ጨርጨር ደረስን። በዚህ ስፍራ ከሁሉ ይልቅ ስማቸው ሊነሣ የሚገባ ሰው ፊታውራሪ፣ ኋላም በጅሮንድ፣ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። በልጅነታቸው በሐረር ከራስ መኰንን ቤት ያደጉ፣ ዐድዋን በዓይናቸው ያዩ፣ ከዚያም በሩስያ የተማሩ ሰው ናቸው። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ረቂቅ ያዘጋጁት፣ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ የተከራከሩት፣ የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር የጻፉትም እርሳቸው ናቸው። በ1910ዎቹ የጨርጨር ገዢ በሆኑ ጊዜ አውራጃውን ለሌላው ምሳሌ የሚሆን ለማድረግ ተነሡ። እስከዚያ ድረስ የገዢዎቹ መቀመጫ ከፍ ባለው ደጋ ላይ ያለው ኩኒ ነበር። እርሳቸው መቀመጫውን ለባቡሩ ቀረብ ወዳለው ስፍራ አውርደው አሰበ ተፈሪን በፕላን አሠሩ፤ ከተማዋንም ከሚኤሶ የባቡር ጣቢያ ጋር በመንገድ አገናኙ። ጣሊያን ስሟን ለውጦ አስባ ሊቶሪያ ብሏት ነበር፤ ስሙም ከባለቤቱ ጋር ሄደ።

መቀመጫው ከኩኒ በመውረዱ ለኩኒ ሰዎች ክብር ጎድሎባቸው ይሆናል። በእኛ ግምት ግን ከኩኒ በላይ ያሉት የጀሎና የሙክታር ተራሮች ጥዶች እስከ ዛሬ አንዳንዶቹ ቆመው ከተገኙ፣ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ከተማ ሲወርድ የከተማው ምሣርም አብሮ ይወርዳል። በአሰበ ተፈሪ ዙሪያ ያሉት ኮረብታዎች የተራቆቱ መሆናቸውን፣ ወደ ኩኒ ሲወጣ ግን ደኑ ብቅ ማለቱን ያየ ሰው ግምታችንን በቀላሉ አይጥለውም።

ስለዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትር መንገድ በሰፊው መጻፍ ያምረናል። ዳገቱ ከተጀመረ በኋላ አየሩ ይለወጣል፤ የሞቀው ነፋስ ይቀርና የጥድ መዓዛ ያለው ቀዝቃዛ አየር በመስኮት ይገባል። ግንዶቹ ከመንገዱ ዳር እንደ ቤተ መቅደስ አምድ ተሰልፈው ቆመዋል፤ ልጣጫቸው በቁመቱ የተሰነጣጠቀ፣ ቀለሙም ወደ ቡና የሚያደላ ነው። ከቅርንጫፎቹ ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም የነጣ ሽበት ተንጠልጥሏል። አንደኛውን ግንድ አራት ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘን ለማቀፍ ሞከርን፤ ሦስት ብንሆን አንበቃውም ነበር። መንገዱ በስተ ግራ ገደል አለው፤ ሾፌራችን የሐረር ሰው ናቸውና ከኋላ ጫጫታ በሰሙ ጊዜ፣ «አቦ ልጆች፣ ገደሉን ተዉት፤ ዛፉን እዩ!» እያሉ ያጽናኑን ነበር። ከዛፎቹ መካከል በተከፈተ ስፍራ ሁሉ ግን የተቆረጠ ጉቶ፣ ከጉቶውም አጠገብ የድንች ወይም የጫት ማሳ ይታያል። ጉቶዎቹን መቁጠር ጀምረን መቶ ሳይሞላ ትተነዋል።

እነዚህ ሁለት ተራሮች በ1982 ዓ.ም. ገደማ የደጋ አጋዘን መጠበቂያ ተብለው ተከልለው ነበር። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የማይገኝ እንስሳ ነው። ጥበቃው የታሰበውን ያህል አልሠራም፤ ዘመኑ የመንግሥት ለውጥ ዘመን ነበርና የታጠቀ ሁሉ አዳኝ፣ ምሣር ያለው ሁሉ ቆራጭ ሆነ። እኛ አንድም አጋዘን አላየንም።

በዓለም ላይ በታላላቅ ዛፎች መካከል የሚያልፍ መንገድ ሲነሣ ከሁሉ በፊት የሚጠራው በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ያለው የሴኮያ ደን ነው። ከዚያ ያለው ጄኔራል ሸርማን የተባለው ዛፍ ወደ 84 ሜትር ይረዝማል፤ የእኛ ጥድ በአጠገቡ ቢቆም ወገቡ ላይ አይደርስም። ስፍራው እ.ኤ.አ. በ1890 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ ከዚያም የመኪና መንገድ ተሠራለት። አሜሪካውያንም ቢሆኑ ከስሕተት የነጹ አልነበሩም። ዋዎና የተባለውን አንድ ሴኮያ እ.ኤ.አ. በ1881 መካከሉን ቦርቡረው ሠረገላ፣ ኋላም መኪና እንዲያልፍበት አደረጉ፤ ዛፉም እ.ኤ.አ. በ1969 በበረዶ ክብደት ወደቀ። በደኑ መካከል ሆቴልና ሱቅ ሠርተው ነበር፤ በኋላ የሕንፃው ክብደትና የሰው እግር ሥሩን እንደሚጎዳው በገባቸው ጊዜ ግን በ20ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ሕንፃዎቹን አፍርሰው ከደኑ አወጡ። ባለጸጋ አገር በመሆናቸው ነው የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ሕንፃ ለማፍረስ የሚያስፈልገው ከገንዘቡ ይልቅ መወሰኑ ይመስለናል።

እዚህ ላይ ስለ ቁጥር አንድ ቃል ማለት ይገባናል። ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶ የኢትዮጵያ መሬት ደን ነበር፣ ኋላ ከ3 በመቶ በታች ሆነ የሚለውን በየመጽሐፉ አንብበናል፤ ለፈተናም አጥንተነዋል። ጄምስ ማካን የተባሉት አሜሪካዊ የታሪክ ጸሐፊ ግን ይህ የ40 በመቶ ነገር በበቂ ማስረጃ ያልተመሠረተ፣ ከጸሐፊ ወደ ጸሐፊ ሲተላለፍ እውነት የመሰለ ነው ብለው ተከራክረዋል። በርተን በሐረር ዙሪያ ደን ሳይሆን እርሻ ማየቱን ስናስብ የእርሳቸው ሐሳብ ሚዛን ይደፋል። ይህን ማለታችን ዛፍ አልጠፋም ለማለት አይደለም፤ የጨርጨር ጉቶ ምስክር አያሻውም። ነገር ግን ያልነበረን ደን እያለቀሱ ያለውን መርሳት ይመጣልና፣ የት ቦታ ምን ዛፍ እንደ ቆመ፣ መቼስ እንደ ወደቀ በየስፍራው ለይቶ መጻፍ የተሻለ ነው እንላለን።

መቼ ወደቀ ቢባል፣ መልሱ በመንገዱ ታሪክ ውስጥ አለ። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ለዓፄ ምኒልክ የመጀመሪያውን መኪና አዲስ አበባ አስገባ። በጣሊያን ዘመን መንገዶች ለጦር መኪና ሰፉ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ከዚያ ወዲህ የጨርጨር መንገድ ደረጃ በደረጃ ተሻሽሎ አስፋልት ለብሷል። በበቅሎ ዘመን አንድ ሰው ከተራራ ላይ ሊያወርድ የሚችለው ግንድ በቅሎው የምትጎትተውን ያህል ነበር፤ የጭነት መኪና በመጣ ጊዜ ልኩ ጠፋ። ከአስፋልቱ ዳር በከሰል የተሞሉ ጆንያዎች ተደርድረው የሚታዩትም ለመንገደኛው መኪና ነው፤ መኪና የማይቆምበት ስፍራ ከሰል አይደረደርም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ጥድን፣ ዝግባን፣ ኮሶንና ዋንዛን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከልክሏል። አዋጁ መልካም ነበር። ይሁን እንጂ ከሰል የሚሸጠው ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ቁራሽ መሬት ያለው፣ ልጁን ትምህርት ቤት የሚልክ አባት ነው። ከጆንያዎቹ አጠገብ በዕድሜ የእኛ እኩያ የሆኑ ልጆች ደብተር ይዘው ተቀምጠው አይተናል።

ይህ ሁሉ ከሶፊ ምን አገናኘው የሚለን አይጠፋም። የሚያገናኘን ውሃ ነው። የሐረር ከተማ ለብዙ ዓመታት ስትጠጣ የኖረችው ከሐሮማያ ሐይቅ ነበር። በሐይቁ ዙሪያ ያሉት ኮረብታዎች ዛፋቸውን አጥተው ስለነበር ዝናብ በመጣ ቁጥር አፈሩ እየታጠበ ወደ ሐይቁ ገባ፤ ሐይቁ ከሥር እየተሞላ ጥልቀቱ ቀነሰ። ከላይ ደግሞ ለጫትና ለአትክልት መስኖ፣ ለከተማውም ቧንቧ ሞተሮች ቀንና ሌሊት ሳቡት። ሐይቁ በደረቀ ጊዜ በሐረር አንድ ጀሪካን ውሃ እንደ ዘይት ይፈለግ እንደ ነበር እናቶቻችን ይናገራሉ። መፍትሔ የተገኘው ከተራራው በታች ነው። በድሬዳዋ በኩል ባለው ቆላ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው፣ ውሃው በተከታታይ ሞተሮች እየተገፋ፣ ባቡሩ ሊወጣው ያልቻለውን ያንኑ ዳገት ሽቅብ ወጥቶ ሐረር እንዲገባ ተደረገ። ሞተሮቹ የሚሠሩት በኤሌክትሪክ ነው፤ መብራት በተቋረጠ ቀን ከሶፊ ለገበያ የመጡ እናቶች ሳይቀሩ በኤረር በር ጀሪካናቸውን ደርድረው ይጠብቃሉ።